እዚሁ ድረስ

"ዛሬስ ወዴት ነው?" ትለኛለች ሄልዩ፣ ጎረቤቴ፣
በመስኮቷ ብቅ ብላ፣ ገና ስወጣ ከቤቴ።
"እዚሁ ድረስ ነው" እላታለሁ።
ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ።
እዚሁ ግን ቀላል አይደለም፤ በእግሩ ለሚሄድበት ሰው
ከማለዳ ጀምሮ ቢጓዘው፣ ሲመሽም ገና እዚሁ ነው።

የካቲት ነው፤ የኢስቶኒያ ባሕር
ረግቶ፣ ዳርና መሐሉ አይለይም፤
ሰማዩ ጣራ ተደግፎ ይውላል፣ ቀና አይልም።
ጸደይ መንገድ ላይ ናት ይላሉ፤
የትኛው ፌርማታ እንደደረሰች ግን
የሚያውቅ የለም ከመሐሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ በዚህ ጎዳና፤
ኩርባውን ክንዴ ያውቀዋል፤ ዓይኔ ግን አላየውምና
አሁን በእግሬ ልማር ብዬ፣ ካሜራዬን አንግቼ
ፌርማታ በሌለበት እቆማለሁ፣
ደወል ያልደወለ ተሳፋሪ፣ ጉም ይሁን ቁራ፣ አይቼ።

ራይቮ፣ የፎቶ ክበባችን ሰው፣ ዘንድሮ አይስላንድ ከረመ፤
በየማታው ፏፏቴ ይልካል፣ አረንጓዴ ሰማይ ከላዩ የቆመ።
እኔም እመልስለታለሁ፦
የሕፃን ጓንት፣ አንድ እጅ ብቻ፣ አጥር ጫፍ ላይ የሰኩት፣
በረዶ ሞልቶት ያበጠ፣
ጣቶቹን ለሰላምታ ዘርግቶ
ሰው ሁሉ ዝም ብሎት ሲያልፍ፣
እኔ እጄን ያወዛወዝኩለት።
"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ይለኛል።
"ሰፈሬ" እለዋለሁ።

ከዓሣ ፋብሪካው ጀርባ፣ በረዶው ላይ ቆመው፣
ኤንዴልና ልጁ ማይሬ ሸምበቆ ያጭዳሉ፤ ለጣራ ክዳን ነው።
"እንዳታነሳኝ!" አለች ማይሬ፣ "አፍንጫዬ ቀልቷል!"
"እሱን ብዬ ነው የመጣሁት" አልኳት፣
"በሁለት ኪሎ ሜትር ዙሪያ፣ ቀይ የሚባል ጠፍቷል።"
ነዶ ወረወረችብኝ።
ፎቶው ላይ ያለው ይኸው ነው፦ ሳቅ፣ ግማሽ ክንድ፣ የሚበር ገለባ፤
ያዘመመ፣ ትኩረቱን የሳተ፣ ውድድር የማይገባ።
ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ግን እሱን ነው።

ወዲያ ማዶ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ሳጥኑ ላይ ተኮራምቶ፣
ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ያያል፣ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ከትቶ።
"ምን ያዝክ?" አልኩት።
"ብርድ። አንተስ?"
"እኔም ብርድ፤ የኔ ግን ጥርት ያለ።"
ቴርሞሱን ወደኔ ገፋ፤ ከዚያ ወዲያ ማናችንም ቃል አላከለ።
ባትሪዬን በብብቴ እንደ ጫጩት አሙቄ፣
እሱ ዓሣውን ጠብቆ፣ እኔ እሱን ጠብቄ
ዋልን።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ጸደይን እወዳታለሁ።
ሽመላዎች የመብራት ምሰሶው ላይ ጎጇቸውን ሲጠግኑ፣
ክንድ የሚያህል ሌንስ የያዙ እንግዶች መንገዱን ሲሞሉ፣
እኔም ከመሐል ተጋፍቼ አነሳለሁ።
ብቻ አንዳንዴ፣ ጫማዬን በር ላይ ሳራግፍ፣
"አንድ ሳምንት ብትዘገይስ?" የሚል ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል፤
ያላየሁት አጥር አለ፤
ከአሮጌው ወፍጮ በስተጀርባ ያለው መንገድ ገና ይቀረኛል።

ሐሙስ ዕለት ሄልዩ ጠራችኝ። የበርች ቅርንጫፍ ቆርጣ፣
በባዶ የማርማላታ ብልቃጥ፣ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ፣
ሦስት ቅጠል አስወጥታዋለች፤
ከሕፃን ጥፍር ያነሱ፤ አንዱ ገና ጥቅልል ነው።
"ውጭ ላሉት ዛፎች እንዳትነግር" አለችኝ፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መስኮቱን በጎን እያየችው።
ካሜራዬን አነሳሁ፤ መልሼ አወረድኩ።
ምስጢር ነው ከተባልኩ በኋላ፣ እንዴት ማስረጃ ልያዝ?

ትናንት ሌሊት ባሕሩ አቃሰተ፤
አንዴ፣ ረዘም አድርጎ፣ ከሥር፣ እንደ አሮጌ በር።
የሄልዩ መብራት በራ። የኔም በርቶ ነበር።
በሁለቱ መስኮቶች መካከል፣ ማንም ምንም አላለ።
ባትሪዬን ትራሴ ሥር አስገባሁ።
ነገ ወዴት እንደምሄድ ታውቃለች፤
ከጠየቀችኝ ግን፣ እነግራታለሁ።